ከምድጃው በላይ የከረመው ጨው

በ1990 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ፣ ነገሩ ሁሉ ከመለዋወጡ በፊት፣ በተበላ ገበያ ጨው የሚሸጡ ሃያ ሰዎች ነበሩ። የአሥራ ስምንቱ ጨው ጠብታ ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል። የቀሩት ሁለቱ ለከብት የሚላስ ጥቁርማ የጨው ስባሪ የሚሸጡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የእነሱ ጨው ጠብታ ነካው አልነካው መልኩን አይለውጥም።

ይህን ቆጥሮ የያዘው ኤልሳዕ ነው። ኤልሳዕ በተበላ ክሊኒክ ጤና ረዳት ሲሆን፣ ሶዶ ተጠርቶ በሠለጠነ ጊዜ አንዲት ትንሽ የመመርመሪያ ብልቃጥ ተሰጥቶት ነበር። ጨው ውስጥ አዮዲን ካለ ጠብታው ሰማያዊ ይሆናል፤ ከሌለ እንደ ውሃ ሰርጎ ይቀራል። ሌሎቹ ሠልጣኞች ብልቃጡን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። እሱ ግን በየወሩ የመጀመሪያ የገበያ ቀን፣ ከሃያው ሻጭ አንዳንድ ቁንጥር እየለመነ በነጭ ሳህን ላይ ይደረድርና አንድ አንድ ጠብታ ያሳርፍበታል። ያየውን ደብተር ላይ ይጽፋል።

«ለማኙ ዶክተር መጣ» ይሉታል ሻጮቹ። «ደመወዝ አልደረሰም እንዴ ዘንድሮ?»

«ለወጥ አይደለም፤ ለጠብታው ነው።»

«ያ ጠብታህ የኛን ጨው መላስ ከጀመረ ስንት ዘመኑ! እስካሁን አልጠገበም?»

ጨው በየሻጩ ዘንድ ሰማያዊ መሆን የጀመረው ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው። ከአሰብ ይመጣል፤ አዮዲኑን እዚያው ፋብሪካው ይቀላቅለዋል። ኤልሳዕ ይህን ነገር ከሥራው በላይ የሚከታተልበት ምክንያት ደግሞ በቤቱ ነበረው።

ሚስቱ አባይነሽ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ እንቅርት አለባት። የመጀመሪያ ልጃቸው ሶሲ ሁለት ዓመት ሲሆናት፣ አባይነሽ የያዘችው ድስት ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ወደቀ። ከጎረቤት ሳይቀር ሰው ደንግጦ ወጣ። ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠችው ሶሲ ግን የያዘችውን በቆሎ መፈልፈል አላቋረጠችም። ልጅቱ እንደማትሰማ ያወቁት ያን ቀን ነው። ኤልሳዕ በሥልጠናው ላይ፣ አዮዲን ያጣች እናት የምትወልደው ልጅ መስማት ሊሳነው እንደሚችል ሰምቷል። አንድ ልጅ ማስረጃ እንደማይሆን ያውቃል። ቢሆንም ለሚስቱ ነገራት።

አባይነሽ አላለቀሰችም። ነጭ ክር ወሰደች፣ አንገቷን ለካች፣ ቋጠሮ አሰረችበት፤ ሠላሳ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ሆነ። «ሠላሳ ስድስት ሲገባ ሁለተኛ ልጅ እንወልዳለን፤ ከዚያ በፊት አይሆንም» አለች። በየዓመቱ በመስከረም አዲስ ክር ትለካለች፤ ክሮቹን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ታስቀምጣለች። በ1990 መስከረም ክሩ ሠላሳ ስድስት ከግማሽ ሆኖ ነበር።

ነገሩ እዚህ ደርሶ ነበር። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቀርቶት ነበር።

*

በኅዳር ወር ኤልሳዕ ለክሊኒኩ መድኃኒት ሊያመጣ ሶዶ በወጣ ጊዜ ከጉልላት መጋዘን ጎራ አለ። ጉልላት የጨው አከፋፋይ ነው። አያቱ ከሰሜን በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሱም ሶዶ ተወልዶ ሶዶ የሸበተ ሰው ነው። ተበላ የሚወርደው ጨው አብዛኛው በሱ እጅ ያልፋል። ሁልጊዜ እስከ ጣሪያው የሚደረደረው ጆንያ ያን ቀን ከወገብ በታች ነበር።

«ጋሽ ጉልላት፣ ጨው የለም እንዴ?»

«ጨውማ ባሕሩን ሞልቶታል። የጠፋው መንገዱ ነው።» ጉልላት ከባዶ ጆንያ ላይ አቧራውን አራግፎ አስቀመጠው። «ድሮ ለአሰቡ ወዳጄ እደውላለሁ። አንድ ተሳቢ ጫንልኝ እላለሁ። ጨው ይመጣል፤ መኪናው ሲመለስ በርበሬና ጤፍ ይዞለት ይሄዳል። እዚያም እዚህም የሚሠራው ያው ብር ነበር። አሁን እነሱ የራሳቸውን ገንዘብ አወጡ። ከብሩ ጋር አንድ ለአንድ ይዙር አሉ። የኛዎቹ ደግሞ የለም፣ ንግድ ከሆነ በባንክ፣ በዶላር፣ በኤል ሲ፣ በባንክ የዋስትና ደብዳቤ፣ ይሁን አሉ። ያለ ባንክ የተፈቀደው የሁለት ሺህ ብር ዕቃ ነው።»

«ሁለት ሺህ ብር ስንት ጆንያ ያመጣል?»

«ስንት ነዳጅ ያስጨርሳል ብለህ አትጠይቅም? ለሁለት ሺህ ብር ጨው እኔ እስከ ቀይ ባሕር መኪና ልስደድ?»

«ጥፋቱ የማን ነው ታዲያ?»

«እነሱ በገንዘባችን እንዘዝ ይላሉ፤ ልክ ነው። የኛዎቹ ያለ ዋስትና ሸቀጣችንን አንሰጥም ይላሉ፤ እሱም ልክ ነው። ክፋቱ ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነው። ይህ ደግሞ ገበያ ለሞተበት ዘመን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ...» ብሎ አቋረጠ። አባይነሽን ያውቃታል። «ተረቱ ነው ወንድሜ፤ ክፉ አስቤ አይደለም።»

«ምንም አይደል» አለ ኤልሳዕ። «በትክክል እሱ ነው።»

በጥር ወር በተበላ ገበያ ከሃያው ቁንጥር ሰማያዊ የሆነው አሥራ አራት ነበር። በየካቲት ወደ ዘጠኝ ወረደ። በምትኩ ከአፋር በኩል የሚመጣ አዲስ ጨው ገባ፤ ከአሰቡ ይልቅ የነጣ፣ ዋጋውም ረከስ ያለ። ገዢው ወደደው። ጠብታ ሲያርፍበት ግን ዝም ይላል።

በዚያው በየካቲት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ኤልሳዕ ጉልላት ዘንድ ሄደ። የአሰብ ጨው የቀረው ሦስት ጆንያ ብቻ ነበር።

«አንዱን ስጠኝ። ሙሉውን።»

«አምሳ ኪሎ? ለሦስት ሰው?» ጉልላት ሳቀ። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ማለት ይህ ነው። ስማ፣ ሚስትህ ያለችበት የቅቤ ማኅበር ጨውም በአንድነት ይገዛል አይደል? ለሴቶቹ ንገራቸው። ሁለቱን እስከ ቅዳሜ አቆይላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ለመጣ ሁሉ እሸጣለሁ።»

«እነግራቸዋለሁ» አለ ኤልሳዕ።

የቅቤ ማኅበሩ ሰባት ሴቶች ያሉበት ነው። በየሳምንቱ እያንዳንዷ አንድ ስኒ ቅቤ ታዋጣለች፤ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመው ለጊፋታ፣ ለመስቀል ማለት ነው፣ ይከፋፈላል። የማኅበሩ ዳኛ ቦሼ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ከቃሪያ ዳጣ እያዘጋጀች በገበያ የምትሸጥ፣ ስድሳ ዓመት የተጠጋት ሴት። ግድግዳ የሚዋሰኑት ጎረቤታቸው ጥሩነሽም የማኅበሩ አባል ናት።

ኤልሳዕ ጆንያውን ሲመሽ ጠብቆ አስገባ። አባይነሽ ወዲያው ማእድ ቤት ቆጥ ላይ እንዲሰቀል አለች። የዘር በቆሎ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ከምድጃው በላይ፣ ጭሱ ነቀዙን የሚያባርርበት፣ እርጥበት የማይደርስበት ቦታ። በዚያ አገር ለነገ የሚታሰብለት ነገር ሁሉ ከምድጃ በላይ ይወጣል። የጆንያውንም አፍ ፈታችለት፤ ታፍኖ እንዳያልበው።

«ለነእማማ ቦሼ ልንገራቸው እንዴ?» አላት። «ሁለት ጆንያ አለ።»

አባይነሽ እሳቱን ቆሰቆሰች። «ለሰባት ቤት ከነገርን ማታውኑ ሰባ ቤት ይሰማል። የኛንም ያውቃሉ። አንድ ስኒ ስጪኝ ያለችኝን እንቢ እላለሁ? ልጅ እስክወልድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አወርደውና ለሁሉም አካፍላለሁ።»

ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ኤልሳዕ ወደ ሥራ ሲሄድ በቦሼ ደጅ አለፈ። በአራቱም ቀን ሰላም አላት። ቅዳሜ ከሰዓት ጉልላት ሁለቱን ጆንያ ለአንድ ምግብ ቤት ሸጠ።

*

በግንቦት ድንበሩ ላይ ተኩስ መጀመሩን ሬዲዮ ተናገረ። የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ሰው ሁሉ ስለ ጦሩ ሲያወራ፣ ስለ ጨው ያወራ አልነበረም፤ ነጩ ጨው በገበያው ሞልቶ ነበርና። በሰኔ የኤልሳዕ ደብተር ከሃያው አራት ብቻ ይላል። አባይነሽ ክሯን ያለ ወጉ በሰኔ ለካችው፤ ሠላሳ ስድስት። በዚያው ወር ፀነሰች። ጥሩነሽም ከእሷ ሦስት ሳምንት ቀድማ ፀንሳ ኖሯል።

ሁለቱ ሴቶች ግድግዳ ተዋስነው፣ አንዷ ከቆጡ የወረደ ጨው፣ ሌላዋ ከገበያ የመጣ ጨው እየበሉ ክረምቱን ከረሙ። ጥሩነሽ ጠዋት ጠዋት እሳት ልትጭር ስትመጣ ጆንያው ከራስዋ በላይ ነበር። ቀና ብላ አላየችም።

በ1991 መስከረም፣ ለመስቀል ገበያ፣ ኤልሳዕ ሃያ ቁንጥሩን ደረደረ። አንድም ሰማያዊ አልሆነም።

ጥንቁቅ ሰው ነውና መጀመሪያ የጠረጠረው ብልቃጡን ነው። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ቀን ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ጠብታው ደህና መሆን አለመሆኑን ለማወቅ፣ ሰማያዊ እንደሚሆን በርግጥ የሚያውቀው ጨው ያስፈልገዋል። ያ ደግሞ በቤቱ አለ። ጠብታ ለመቆጠብ ብሎ የራሱን ጆንያ አንድም ቀን መርምሮት አያውቅም፤ አሰብ ተብሎ የተጻፈበትን ጨው መመርመር የታወቀ ነገር መጠየቅ ነው የሚመስለው።

ቆጥ ላይ ወጥቶ ቁንጥር አወረደ። ጠብታውን አሳረፈ። ጠበቀ። ጨዉ እንደ ነጣ ቀረ።

«እፎይ» አለ። «የሞተው ጠብታው ነው። የገበያውም ምርመራ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።»

አባይነሽ ከጎኑ ቆማ ታይ ነበር። «እንዴት አወቅህ?»

«የአሰቡ ጨው እንኳ አልተለወጠማ።»

«እጅህ ላይ ሁለት ነገር ነው ያለው፤ ጠብታና ጨው። ከሁለቱ አንዱ ሞቷል። ጠብታው ነው ለማለት ለጨው ማን መሰከረለት?»

«ጆንያው ላይ ተጽፏል እኮ።»

«ጆንያው ላይ የተጻፈው ከየት እንደመጣ ነው» አለች። እጇ ሆዷ ላይ ነበር። «እንዴት እንደከረመ አልተጻፈም። ሦስተኛ ነገር ያስፈልግሃል። ሌላ የአሰብ ጨው ያለው ሰው ፈልግ።»

ሁለቱም ማን እንደሆነች ያውቁ ነበር። ቦሼ ዳጣዬ በድሮው ጨው ነው እያለች በገበያ ስትፎክር ከርማለች።

*

ቦሼ በደጇ ተቀምጣ ቃሪያ ትቀነጥሳለች። ኤልሳዕ ነጭ ሳህኑን ይዞ ሲመጣ አይታ ሳቀች።

«ለማኙ ዶክተር! ዛሬ ደግሞ ቤት ለቤት ጀመርህ?»

«እማማ፣ ካስቀመጡት ጨው አንዲት ቁንጥር ይስጡኝ።»

አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አወጣች፤ በድርቁ ጊዜ ከእርዳታ የተረፈ፣ ክዳኑ በማንኪያ እጀታ ካልተፈለቀቀ የማይከፈት። ገበያ ስትሄድ እንዳይደፋባት ጨውዋን ከጥንትም የምታስቀምጠው በዚያ ነው። ብልቃጡ ውስጥ የቀረው አራት ጠብታ ቢሆን ነው። አንዱን አሳረፈ።

ጨዉ ወዲያውኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ደማቅ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ።

ኤልሳዕ ብልቃጡን ከደነ።

«ደግ ነው ክፉ?» አለች ቦሼ።

«የእርስዎ ጨው ደግ ነው።»

«ታዲያ ፊትህ ምን ነካው?»

ነገራት። ከማክሰኞው ጀምሮ፣ የጉልላትን ቃል፣ ቆጡን፣ የተፈታውን የጆንያ አፍ፣ አንዱንም ሳያስቀር ነገራት። ቦሼ ቃሪያ መቀንጠሷን አላቆመችም።

«ጉልላት እስከ ቅዳሜ አቆያለሁ ብሎ ነበር?»

«ብሎ ነበር።»

«ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ስንት ቀን ነው?»

«አራት።»

«በአራቱም ቀን በዚህ ደጅ አልፈህ፣ እማማ ደህና አደሩ ብለኸኛል።»

«ብያለሁ።»

«ሰላምታውን እንኳ አልደበቅኸኝም፤ እግዜር ይስጥህ።» ቃሪያውን ወደ ጎን አደረገች። «ጨውን ምን ገደለው?»

«ሙቀቱና ጭሱ ይመስለኛል። አፉም ክፍት ነበር። ሰባት ወር። አዮዲኑ ተንኖ አልቋል።»

«በቆሎን ከነቀዝ የሚያድን ጭስ ጨውን ይገድላል?»

«ጨውን እንኳ አይነካውም። በውስጡ ያለውን ነው የሚያባርረው።»

«ጣዕሙስ?»

«ጣዕሙ እንዳለ ነው።»

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ሲባል እሰማለሁ» አለች ቦሼ። «የናንተው ይኸው ጣፍጧል። ምን ፈየደ?» ከዚያ ጣሳውን ገፋ አደረገችለት። «በማኅበሩ ውስጥ ነፍሰ ጡር ስንት ናት?»

«ሁለት። አባይነሽና ጥሩነሽ።»

«ውሰድና መዝነው። ለሁለት ክፈለው። እኩል።»

«ለእርስዎስ?»

«እኔ ልጅ መውለድ ከተውሁ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ነጩ ይበቃኛል። ዳጣውንም ሰው በፉከራዬ ይገዛዋል እንጂ በጨዉ አይደለም።» ኤልሳዕ ሊሄድ ሲነሳ ግን ጠራችው። «የጥሩነሽን አንተው ታደርስላታለህ። ከማን እንደመጣ ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደዘገየም ትነግራታለህ። የሶሲ እናትም አብራህ ትቁም።»

በክሊኒኩ የሕፃናት ሚዛን ላይ የጣሳው ጨው ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ሃያ ግራም ሆነ። ለሁለት ሲከፈል አንድ ሺህ ሰባት መቶ አሥር ግራም። በቀን አንድ ሞላ ያለ የሻይ ማንኪያ፣ ስምንት ግራም ገደማ ቢበላ፣ ለሁለት መቶ አሥራ ሦስት ቀን ይበቃል። ኤልሳዕ ክዳናቸው የሚጠብቅ ሁለት ጣሳዎች ፈለገ፤ ከምድጃ ርቆ፣ ወጥ ከወረደ በኋላ ብቻ የሚጨመር መሆኑን በወረቀት ጻፈ።

ጥሩነሽ በሯ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች። አባይነሽ ጣሳውን ይዛ ከኤልሳዕ ጎን ቆማ ነበር። ጥሩነሽ አልጮኸችም። «ጠዋት ጠዋት እሳት ስጭር ከራሴ በላይ ነበር ማለት ነው» አለች። ጣሳውን ተቀበለች፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።

ጆንያው ከቆጥ ወርዶ ለሰባቱም ቤት ከብቶች ታደለ። ከብቶቹ ወደዱት። ጥሩነሽ ሦስት ሳምንት እሳት ልትጭር አልመጣችም፤ ከሩቅ ቤት ስታመጣ ይታያል። በአራተኛው ሳምንት፣ አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ የሸክላ ስባሪዋን ይዛ ገባች። አባይነሽ ወደ ምድጃው አስጠጋቻት። ጥሩነሽ ፍሙን ጭራ ከመውጣቷ በፊት ቀና ብላ ባዶውን ቆጥ አየችና፣ «አሁን እንኳ በቆሎ ብቻ ነው» አለች። አባይነሽ ሳቀች፤ ጥሩነሽም ከበር ስትወጣ ስትስቅ ተሰማች።

*

በታኅሣሥ ኤልሳዕ ሶዶ ሲወጣ የጉልላት መጋዘን እንደገና እስከ ጣሪያ ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም ነጭ ጨው።

«ለአሰቡ ወዳጅህ ደውለህ ታውቃለህ?»

«ስልኩ ተቆርጧል። ቁጥሩን ግን አልፋቅሁትም።» ጉልላት ወደ ግድግዳው ጠቆመ፤ በእስክርቢቶ የተጻፈው ቁጥር እዚያው አለ። «እኔ ጨው አላጣሁም፣ እሱም ጤፍ ከሌላ አገር ያገኛል ይሉኛል። ሁለታችንም አልተራብንም። በሁለታችን መሐል የነበረው ነገር የት እንደሄደ ግን የሚነግረኝ አጣሁ።»

«በዚህኛውስ ጨው ላይ አዮዲን መቼ ይጨመራል?»

«ሰው የጎደለውን ሲያውቅ። እስከዚያ አንተ መለመንህን አታቁም።»

ጥሩነሽ በየካቲት አጋማሽ ወንድ ልጅ ወለደች። አባይነሽ በመጋቢት ሦስተኛው ቀን በክሊኒኩ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሦስት ኪሎ ከአምሳ ግራም። ስሟን ኢየሩሳሌም አሏት። አባይነሽ ከወለደች በኋላ የለካችው ክር ሠላሳ ሰባት ነበር። ክሩን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከቀሩት ጋር አኖረችው።

የምትጠይቀው ሌላ ነገር ነበር፤ እሱንም በቃል አትጠይቅም። ሕፃኗ ስትተኛ ከአጠገቧ በእጇ ታጨበጭብና ወዲያው ትጸጸታለች፤ ሕፃኗ ብትባንን እንኳ ከድምፁ ይሁን ከነፋሱ መለየት አትችልምና። ኤልሳዕም ቢሆን አያውቅም። አባይነሽ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የበላችው እየሞተ ያለውን ጨው ነው። ምን ያህል ፈጥኖ እንደሞተ የተጻፈ ነገር የለውም፤ ያልለካውን ማስታወስ አይችልም።

አራት ወር እስኪሞላት ጠበቁ። በሐምሌ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ባቆመበት አንድ ረፋድ፣ ኤልሳዕ አሰናዳ። የቦሼን ባዶ ጣሳ ወስዶ ለከብቶቹ ከታደለው ሸካራ ጨው የተረፈ አንድ እፍኝ ጨመረበት፤ ሲነቀነቅ ይንኳኳል። አባይነሽ ሕፃኗን ልትይዝ ፈለገች፤ እሱ አልፈቀደም።

«ትሰሚያለሽ። ጣሳው ሲንኳኳ ሳታውቂው ትነቀነቂያለሽ፤ እሷም ከአንቺ ጋር ትዞራለች።»

«ማን ይያዛት ታዲያ?»

ሶሲ በሩ ላይ ቆማ አፋቸውን ታይ ነበር። ስምንት ዓመት ሆኗታል። ኤልሳዕ ከመጋረጃው በስተጀርባ የሚቆምበትን ቦታ አየ፤ ልጅቱ እጁን ልታይ አትችልም፤ ጣሳውንም ልትሰማ አትችልም። መቼ እንደነቀነቀ ምንም ሳታውቅ፣ ያየችውን ብቻ ልትቆጥር የምትችል በቤቱ ያለች ብቸኛ ሰው እሷ ናት።

በእጁ አስረዳት። እህቷን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ ፊቷን ታያለች። ሕፃኗ ድንገት ራሷን ወደ መጋረጃው ባዞረች ቁጥር ከእፍኟ አንድ ባቄላ ወደ ሳህኑ ትጥላለች። ካልዞረች አትጥልም። ሶሲ ሁለት ጊዜ ደግማ በምልክት ጠየቀችው፤ ከዚያ ገባኝ አለች፤ ወለሉ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

አባይነሽ ወደ ጓሮ ወጣች። ቦሼና ጥሩነሽ እዚያ ነበሩ፤ ጥሩነሽ ልጇን አዝላለች፤ ቀጣዩ የሱ ተራ ነው። ሦስቱም እንሰቱ ሥር ቆሙ። ከቤት ውስጥ ጣሳው ይሰማል፤ ይንኳኳል፣ ረጅም ጊዜ ዝም ይላል፣ እንደገና ይንኳኳል። ኤልሳዕ ዝምታውን ሆን ብሎ እኩል አላደረገውም። አባይነሽ በጣቷ ትቆጥር ነበር፤ ስድስት ላይ ሲደርስ ቦሼ እጇን ያዘቻት፤ መቁጠሩም ተቋረጠ።

መጨረሻ ላይ ኤልሳዕ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። ጣሳውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ሶሲ ሳህኑን በሁለት እጇ አነሳችለት።

አሥር ጊዜ ነቅንቆ ነበር። ሳህኑ ውስጥ ዘጠኝ ባቄላ ነበረ።